ሦስት ነጥብ ያለበት ቢላዋ

ክቡራትና ክቡራን፣ ደግሞም ክብሩን ትታችሁ የምግቡን ጠረጴዛ የምታዩ ወገኖቼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የጡረታ ስንብት ድግስ ያሰናዳችሁልኝን አመሰግናለሁ። ሥራ አስኪያጃችን ሰልዋ፣ ወንድሟ ኢብራር፣ ድንኳኑን የተከላችሁት የማንኪያ ክፍል ልጆች፣ እግዜር ይስጥልኝ። ድንኳኑ ወደ ግራ ትንሽ አጋድሏል። አይዟችሁ፣ ቢወድቅም መጀመሪያ የሚወድቀው እኔ ላይ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የራሳችንን ፋብሪካ ሹካ ደርድራችኋል። በሠላሳ ስምንት ዓመት ሥራዬ ይህን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ግን ማን ነካው? እስቲ ከመሃላችሁ ሹካ ያነሳ እጁን ያውጣ። አላልኳችሁም? የስንቱን ሆቴል እንግዳ በሹካ ስናበላ ኖረን፣ እኛው ጥብሱን በእጃችን ልንጎርሰው ነው። ሹካ ለኛ መሸጫ ነው እንጂ መብያ መች ሆኖ ያውቃል?

ኢብራር ትናንት መጥቶ፣ «ጋሽ ሀብቴ፣ የድርጅቱን ታሪክ ይንገሩን፤ አጠር ያለ ይሁን፣ ደግሞ ደስ የሚለውን ብቻ» አለኝ። ማሳጠሩን እሞክራለሁ። ደስ የሚለውን ብቻ ያለው ላይ ግን አልስማማም። መጨረሻ ላይ አንድ ደስ የማይል ነገር አለኝ። ሰኞ ጠዋት በኔ ወንበር፣ በስለት ክፍል ኃላፊነት ወንበር፣ ማን እንደሚቀመጥ ማስታወቂያው ላይ አንብባችኋል። ኢብራር ይላል። እሱን ሳልናገር ከዚህ ድንኳን አልወጣም፤ አሁኑኑ እወቁት፣ በኋላ ሽማግሌው ሞቅ ብሎት ነው እንዳትሉ። ከለስላሳ በቀር ምንም አልቀመስኩም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከባሌስትራ ነው። የሰልዋ አያት ሀጂ ጀላል፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ አየር ጤና ጋራዦች እየዞሩ ያረጀ የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ያን ሸክም የሚችለውን ብረት፣ ይለቅሙ ነበር። እሱን ተሸክመው ቤቴል ጓሯቸው ያመጣሉ፣ ያግሉታል፣ ይቀጠቅጡታል፣ ዘይት ውስጥ ይነክሩታል፣ ቢላዋ ይሆናል። ያኔ ቤቴል ቤት የሚባል ነገር እዚህ አንድ እዚያ አንድ ነው። ጎረቤት፣ «ሰውዬው ሌሊትና ቀን ብረት የሚደበድበው ምን አድርጎት ነው?» ይል ነበር አሉ።

ሥራው ሲደራ ሀጂ ቆርቆሮ ላይ «ጀላልና ልጆች» ብለው አጻፉ። ልጆች ያሉት እንግዲህ አንዱን ሰይፈዲንን ነው፤ የሰልዋን አባት። እሱም ያኔ ጡት አልጣለም። ሰዎች፣ «ሀጂ፣ ልጆቹ የታሉ?» ሲሏቸው፣ «ቀለም ውድ ነው፤ ሲወለዱ እንደገና ላስጽፍ ነው?» አሉ። አልተወለዱም። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ያ ጽሑፍ እስከዛሬ ከነስህተቱ አለ።

ሀጂ ሁለት ደንብ ነበራቸው። አንደኛው፣ ቢላዋ የሠራ ሁሉ እጀታው ሥር የራሱን ምልክት ይመታል። የሳቸው አንድ ነጥብ፣ የሰይፈዲን ሁለት ነጥብ፣ የኔ ሦስት ነጥብ። ወለተጻድቅ እኛ ስለት ክፍል ስትቀጠር ነጥብ ሰለቸንና አንዲት ጭረት ሰጠናት። ሁለተኛው ደንብ አስቸጋሪው ነው። ቢላዋ «አልቆርጥ አለ» ተብሎ ከሥጋ ቤት ከተመለሰ ምልክቱ ይታያል። ባለ ምልክቱ መሳያ ድንጋዩን ተሸክሞ ሥጋ ቤቱ ድረስ በእግሩ ይሄዳል። በታክሲ አይቻልም። «በታክሲ ከሄድክ ጥፋትህን መቼ ታስባለህ?» ይሉ ነበር ሀጂ። እዚያ ደርሶ ሰው ፊት ቆሞ ይስላል፣ ራሱ ይቆርጣል፣ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ራሱ ይበላል። ሥጋው ተዘነጣጥሎ ከወጣ፣ ተሰብስበው እያዩት ሲያኝክ ይውላል።

አሁን ችግሩ ይታያችሁ። የሀጂ ቢላዋ አንድ ቀን ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ተመለሰ። ሀጂ እንዴት ይብሉ? ደንቡ ደግሞ የራሳቸው ነው፣ መሻር አይሆንላቸውም። ስለዚህ የሚበላላቸው ክርስቲያን ፈለጉ። እኔ ያኔ ከሰላሌ መጥቼ አየር ጤና ሸክም እሠራለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ጠሩኝ።

«ክርስቲያን ነህ?»

«አዎ።»

«ዛሬ ጾም ነው?»

«አይደለም።»

«ጥርስህን አሳየኝ።»

አሳየኋቸው። ክቡራትና ክቡራን፣ እኔ በዚህ ድርጅት የተቀጠርኩት በጥርሴ ነው። ሌላ ቦታ ዲፕሎማ ይጠየቃል፤ እዚህ መንጋጋ ተጠየቅሁ። የሀጂን ጥፋት እየበላሁ ሙያ ለመድኩ። በኋላ የራሴ ቢላዋ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ሲመለስ ደግሞ ሹፌራችን መህዲ አብሮኝ ይሄዳል፤ እኔ እስላለሁ፣ እሱ ይበላል። መህዲ፣ አትሳቅ። ይህ ሁሉ ቦርጭ የኔ ጥፋት ውጤት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

የሹካውን ታሪክስ? እሱን ካልነገርኩ ሽማግሌዎቹ አይለቁኝም። አንድ ሆቴል ሁለት መቶ ሹካ አዘዘን። ከኛ ውስጥ በሹካ በልቶ የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። ሰይፈዲን ሆቴሉ ሄዶ ሹካውን በእርሳስ ነድፎ መጣ። ከላይ ወደ ታች አይቶ ነው የነደፈው። ጥርሱ አራት፣ እጀታው ረጅም፣ ሁሉ ነገር አለ፤ ወዴት እንደሚጎብጥ ብቻ የለም። ተመልሶ ሄዶ እንዳያይ አፈረ። ምን አደረግን? ስብሰባ ጠራን። ጊዜውም የስብሰባ ጊዜ ነበር። እጅ አውጥተን ድምፅ ሰጠን። «ወደ ታች ይጉበጥ» የሚለው በአራት ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። እኔም ከአሸናፊዎቹ ነበርኩ።

ሁለት መቶውን አጉብጠን ወሰድን። የሆቴሉ ባለቤት አንዱን አነሳ፣ አገላበጠ፣ «ሀጂ፣ ይሄ ጀርባ ማከኪያ ነው?» አላቸው። ሀጂ እኛን ዞረው አዩን። ያን አስተያየት የሚረሳ የለም። ሹካዎቹን አልማዜ የምትባል የዓለም ባንክ ሰፈር ፀጉር ሠሪ ገዛቻቸው፤ ሹሩባ ለመፍታት ግሩም ናቸው አለች። ሀጂ ከዚያ በኋላ አንድ እውነተኛ ሹካ ገዝተው ወር ሙሉ ቤታቸው በሱ በሉ። ሚስታቸው ሀጂ የታመሙ መስሏቸው አልቅሰዋል። ከዚያ ወዲህ ሹካችን በትክክል ይጎብጣል፤ ድምፅም ሰጥተን አናውቅም።

ሀጂ አረፉ። ሰይፈዲን ተተካ፤ የማንኪያ መቁረጫ ማሽኑን ያስገባው እሱ ነው። እሱም ሄደ። ሰልዋ ስትረከብ ቀብር ላይ እንኳ ሳይቀር፣ «ሴት ልጅ ቢላዋ ቤት? ስድስት ወር አትቆይም» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ከውጭ የሚገባው ርካሽ ማንኪያ ስንቱን ወርክሾፕ ሲያዘጋ እሷ ስልሳ ሁለት ሰው ታበላለች። ሰልዋ፣ አንቺን አቅፌ ያሳደግኩ ሰው ነኝና ልናገር፤ ስትቆጪ አያትሽን ቁርጥ ነሽ። ጢሙ ብቻ ነው የቀረሽ።

እሺ። ደስ የሚለው እዚህ ላይ አለቀ።

ቅድም ኢብራር የምስክር ወረቀቱን ሲያነብ ሰምታችኋል። «ላለፉት አራት ዓመታት ሦስት ነጥብ ያለበት አንድም ቢላዋ ከደንበኛ ያልተመለሰ» ይላል። አጨበጨባችሁ። አንዳንዳችሁ እልልም አላችሁ። እውነት ነው፣ አንድም አልተመለሰም። ግን ለምን እንዳልተመለሰ ታውቃላችሁ? እኔ ስላልሠራኋቸው ነው።

ሳህን የሚያንኳኳው ሰው እንኳን ማንኳኳቱን ተወ።

የዛሬ አራት ዓመት ዓይኔ ላይ ሞራ ወጣ። ሐኪሙ አነሳልኝ፤ ግን «ጋሼ፣ ስኳሩ ውስጡን ጎድቶታል፣ ከዚህ በላይ አይመለስም» አለኝ። ንግግሬን በወረቀት ያልያዝኩት ስለምተማመን አይደለም፣ ስለማላነበው ነው። የጣቶቼም ጫፍ ደነዘዘ። ስለት ደግሞ በምን ይታወቃል? ወደ ብርሃን ይዘህ ታየዋለህ፤ ዶልዱሞ ከሆነ ጫፉ ላይ ነጭ መስመር ያበራል። ወይ በጥፍርህ ትዳስሰዋለህ። እኔ ትልቅ ትልቁን እንጂ ያን መስመር አላይም፣ ጣቴም አይሰማውም። ለማንም አልተናገርኩም። በልማድ መሳሌን ቀጠልኩ።

ከዚያ ዓለም ባንክ ካለው ከበየነ ሥጋ ቤት ሦስት ነጥብ ያለበት ቢላዋ ተመለሰ። በየነን ታውቁታላችሁ፤ ምላሱ ከኛ ቢላዋ ይብሳል። ድንጋዩ ስለከበደኝ ወለተጻድቅ ተሸክማልኝ አብራኝ ሄደች። ቅዳሜ ነው፣ ሥጋ ቤቱ ጢም ብሏል። ስዬ ቆረጥኩ። ሥጋው አብሮኝ ተጎተተ። በየነ ከባንኮኒው ወዲያ፣ «ጋሽ ሀብቴ፣ እየቆረጥከው ነው እየለመንከው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ውስጤ ግን፣ አለቀልህ ሀብተሥላሴ፣ ይል ነበር።

ወለተጻድቅ ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ ቀልድ ያውሯቸው» አለችኝ በሹክሹክታ። የሹካውን ታሪክ ጀመርኩላቸው። በየነ ሆዱን ይዞ ሲስቅ፣ እሷ ዝቅ ብላ ቢላዋውን ከእጄ ወሰደች። ታሪኩ ጀርባ ማከኪያው ላይ ሳይደርስ ስላ መለሰችልኝ። ቆረጥኩ። ሥጋው ዝም ብሎ ወደቀ። በየነ፣ «እጅህን ይባርከው፣ አሁንም አንበሳ ነህ!» አለ። እኔም ምን አልኩ መሰላችሁ? «ድሮስ!» አልኩ። አፌን አላደናቀፈኝም።

ስንመለስ መንገድ ላይ ሁሉን ነገርኳት። እሷም፣ «ጡረታዎ አራት ዓመት ነው የቀረው። እንወጣዋለን። ሲወጡ እርስዎ ራስዎ ይነግሯቸዋል» አለችኝ። ተስማማን። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ እጀታ እሰካለሁ፣ እሷ የሷንም የኔንም ትስላለች። በሷዎቹ ላይ ጭረት፣ በኔዎቹ ላይ ሦስት ነጥብ ትመታለች። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቶች ተዘግተው ቢላዋቸውን ሁሉ እኛ ላይ ሲያራግፉት፣ የአረፋ ሰሞን ትዕዛዙ ሲጎርፍ፣ የሁለት ሰው ሥራ ብቻዋን ሠርታለች። የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ እየተባልኩ ሁለት ጊዜ ተሸለምኩ። አንዱን ብርድ ልብስ አሁንም እለብሰዋለሁ፤ ይሞቃል፤ እንቅልፍ ግን አያስወስድም።

ይህ ብቻ ቢሆን እኮ በቀልድ አሳልፈው ነበር። የባሰውን ስሙኝ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ሰልዋ ቢሮ ጠራችኝ። «ጋሼ፣ የሚተካዎትን ልመድብ ነው። እርስዎ ካላሉ አልመድብም። ወለተጻድቅ ትችለዋለች?» አለችኝ። አራት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ጥያቄ ነው። «ትችለዋለች» ብል ማለቁ ነበር። ግን «በምን አወቁ? የስንት ቢላዋ ሥራዋን አዩ?» የምትለኝ መሰለኝ። ስመልስ ምስጢሩ ወጥቶ ይህ ድግስ የሚቀር መሰለኝ። ፈራሁ። «ጎበዝ ናት፤ ትንሽ ይቀራታል» አልኩ።

ትንሽ ይቀራታል! ዓይኔ ጠፍቶ ዓይን የሆነችኝን ሰው ትንሽ ይቀራታል አልኩ።

የቢሮው ግድግዳ ስስ ኮምፖርሳቶ እንጨት ነው፣ ወዲያ ማዶ ያለ ሰው ሁሉን ይሰማል። ስወጣ ወለተጻድቅ እዚያው ቆማለች፣ በእጇ ለሰልዋ የምታስፈርመው ወረቀት ይዛለች። አየችኝ። አልፋኝ ወደ ቢሮው ገባች። በነጋታው ማስታወቂያው ተለጠፈ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ አላነጋገረችኝም፤ ሰላምታዬን በአንገቷ ትመልሳለች። ግን ጠዋት ጠዋት ስገባ የኔ ድርሻ ተስሎ፣ ሦስት ነጥቡ ተመቶ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድሮ አገኘዋለሁ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እመብርሃንን፣ በጣም ይሻለኝ ነበር።

ወለተጻድቅ፣ ከኋላ ተደብቀሽ አትቀመጪ፤ ባላይሽም የት እንዳለሽ አውቃለሁ። በድዬሻለሁ። አራት ዓመት ስምሽን ወስጃለሁ፣ በመጨረሻ ደግሞ ወንበርሽን ሰጠሁብሽ። በወጉ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ልጠይቅሽ አስቤ ትልቁን መሳያ ድንጋይ ላነሳው ሞከርኩ፤ ወገቤ እንቢ አለ። መህዲን ላሸክመው ብል ይሄኛው እሱ የበላልኝ ጥፋት አይደለም።

ኢብራርዬ፣ አንተ ላይ ምንም የለኝም። ሆቴሎቹን በስልክህ እያሳየህ ማንኪያ ስትሸጥላቸው ሰምቼሃለሁ፤ እኛ በእግራችን ዓመት የምንዞረውን በአንድ ጠዋት ትጨርሰዋለህ። ግን ማክሰኞ ለት ቢላዋ ስትስልም ሰምቼሃለሁ። ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። ድንጋዩ አለቀሰ። ምን አልክ? «እኔም እህቴ ግድ ብላኝ ነው» ነው ያልከው? በሉ፣ ይህን ደግሞ ሁላችሁም ሰማችሁ።

እንግዲህ የስንብት ንግግር በምርቃት ነው የሚያልቀው። ምርቃቴን ይዤ መጥቻለሁ፤ ረጅም ነው፣ ጥሩም ነው። ግን አልጀምረውም። ሰልዋ ሳትመልስልኝ አልመርቅም። ምግቡም ከምርቃቱ በፊት አይነካም፤ ስለዚህ ስልሳ ሁለት የተራበ ሰው ከኔ ጋር ቆሟል። ሰልዋ፣ ሰኞ ማን ይቀመጣል?

እ? ጮክ በይ፣ ከኋላ አይሰማም። «ጋሼ፣ ይህን ቢሮ ውስጥ ቢነግሩኝ አይሻልም ነበር?» ትላለች። ይሻል ነበር። ቢሮ ውስጥ ግን አንዴ ዋሽቻለሁ፤ ያን ቤት አላምነውም፣ ወይም እዚያ ስገባ ራሴን አላምነውም። «እርስዎን አምኜ ነው የመደብኩት» ትላለች። ታውቂያለሽ፣ ከሁሉ የሚያመኝ እሱ ነው። ልክ ነሽ። ዋሽቼሻለሁ። የምስክር ወረቀቱን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ትቼዋለሁ፤ አልወስደውም። ከፈለግሽ ስሙን ቀይሪው፣ ካልፈለግሽ ቅደጂው። ወንበሩን ግን መልሺላት። እኔን ቅጪ፣ እሷን አትቅጪ።

አሁን ወደ ወለተጻድቅ ዞራለች መሰለኝ። «እውነት ነው?» አለቻት። ወለተጻድቅስ ምን አለች? ምንም? በአንገቷ? መህዲ፣ አንተ ንገረኝ፣ ወዴት ነው የነቀነቀችው? … ወደ ታች። እግዜር ይስጥልኝ።

ሰልዋ፣ መልስሽን እየጠበቅሁ ነው። … «ሰኞ ወለተጻድቅ ትቀመጣለች» አለች! ሰማችሁ? ድገሚው። «ከነደሞዙ፣ ከነኃላፊነቱ» ብላ ጨመረችበት። እኔ የጠየቅሁት ወንበሩን ብቻ ነበር! አጨብጭቡ እንጂ፣ ምን ታፈጣላችሁ? አሁን ነው ጭብጨባ!

እሺ፣ ምርቃቱን ልጀምር፤ ተነሱ።

ሰልዋ፣ የአያትሽን ቤት ይዘሽ የልጅ ልጅሽ እስክትረከብሽ ድረስ ያቆይሽ። እውነቱን የሚነግርሽ ሰው አያሳጣሽ፤ እንደኔ ዘግይቶም ቢሆን። ኢብራር፣ የምትሸጠው አይለቅብህ፣ የምትሸጥለት አይጥፋብህ። መህዲ፣ ጤናውን ይስጥህ፣ መንገድህን ያቅናልህ። የማንኪያ ክፍል፣ የሹካ ክፍል፣ የማሸጊያ ክፍል ልጆች፣ ጣታችሁን ማሽን አይብላባችሁ። የጋገራችሁትን ለመብላት፣ የወለዳችሁትን ለመዳር ያብቃችሁ። ክርስቲያኑን ለፋሲካ፣ ሙስሊሙን ለአረፋ በሰላም ያድርሳችሁ። የሄዱትን ሀጂንና ሰይፈዲንን ፈጣሪ በገነት ያኑርልን።

አሜን በሉ እንጂ!

አንቺን ግን፣ ወለተጻድቅ፣ አልመርቅሽም። የበደለ ሰው የበደለውን አይመርቅም፤ አያምርበትም። አንቺ ይቅር በይኝ። እዚህ፣ ሁሉም ባሉበት። ካልሆነልሽም ግድ የለም፣ ይገባኛል፤ ቆሜ እጠብቃለሁ።

… ወደዚህ እየመጣች ነው? እርምጃዋን አውቀዋለሁ።

ምን አልሽ? … ስሟት፣ ጎበዝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። «ይቅር ለእግዜር፣ ጋሼ። አሁን እጅዎን ይስጡኝና ይቀመጡ፣ ሰው ተርቧል» አለችኝ።

አሜን። ተቀመጥኩ። ብሉ።